ታላቁ ማነው? አሊን ከፍ ለማድረግ ጆ ሉዊስን መጣል ለምን አስፈለገ?

ፖለቲካው ሲያታክተን ከምንሸሽባቸው ወጎች አንዱ የስፖርት ክርክር ነው። ከስፖርት ክርክሮች ሁሉ ደግሞ "ከከባድ ሚዛን ቦክሰኞች ታላቁ ማነው?" የሚለውን ያህል ድምፅ የሚያስጨምር የለም። ከፖለቲካው የሸሸን ቢመስለንም ተመልሰን እዚያው ውስጥ እንደምንወድቅ ግን ብዙዎቻችን አናስተውልም። ጥያቄው በተነሳ ቁጥር አንዱ "አሊ! አለቀ!" ይላል። ለምን ሲባል "ቬትናም አልሄድም ብሎ እምቢ ያለ ጀግና ነው" ይላል። ሌላው "ማርሲያኖ ነው፤ 49 ጊዜ ተጋጥሞ አንድም ጊዜ አልተሸነፈም" ይላል። ሦስተኛው፣ ብዙውን ጊዜ ወጣቱ፣ "ታይሰንን በጥሩ ጊዜው ማን ይችለው ነበር?" ብሎ ይጠይቃል። ሦስቱም እርስ በርስ የሚከራከሩ ይመስላቸዋል እንጂ የሚመልሱት ሦስት የተለያዩ ጥያቄዎችን ነው።

ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሳሳኝ ይኸው መደበላለቅ ነው። የመጀመሪያው ጥያቄ "በሕይወቱ ምርጥ ምሽት ማን ማንን ያሸንፍ ነበር?" የሚለው ነው። ሁለተኛው "በመድረኩ ላይ፣ በዘመኑ ከነበሩት ጋር ተጋጥሞ ማን የበለጠ ሥራ ሠራ?" የሚል ነው። ሦስተኛው "ከመድረኩ ውጪ በታሪክ ላይ ማን የበለጠ አሻራ ጣለ?" የሚለው ነው። አንዱን ጥያቄ በሌላው መልስ ስንዘጋ ፍርዳችን ይዛባል። የሚዛባው ደግሞ በስታቲስቲክስ ላይ ብቻ ሳይሆን በሰው ላይ ነው። በዚህ መዛባት ከሁሉ በላይ የተጎዳው ጆ ሉዊስ ነው ብዬ አምናለሁ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የመጀመሪያው ጥያቄ፤ መልስ የሌለው ጨዋታ

"በምርጥ ቀኑ ማን ያሸንፍ ነበር?" የሚለው ጥያቄ ደስ የሚል፣ ነገር ግን ፍሬ የማያፈራ ጨዋታ ነው። ይህንን ጨዋታ በኮምፒዩተር ሊፈቱት የሞከሩም ነበሩ። በ1969 ዓ.ም. ፈቃዱን ተነጥቆ ሥራ ፈትቶ የነበረው ሙሐመድ አሊና ጡረታ ከወጣ 13 ዓመት የሆነው ሮኪ ማርሲያኖ በፊልም ካሜራ ፊት እየተጠነቀቁ ተቧቀሱ። ማርሲያኖ ለዚሁ ሲል ውፍረቱን ቀንሶ፣ ራሰ በራነቱንም በአርቴፊሻል ጠጉር ሸፍኖ ነበር። የተለያዩ ፍጻሜዎች ተቀረጹና ኮምፒዩተሩ "ፈረደ" ተባለ። በ1970 ዓ.ም. መጀመሪያ በአሜሪካ ሲኒማ ቤቶች የታየው ማርሲያኖ በ13ኛው ዙር በዝረራ ሲያሸንፍ ነው። ምስኪኑ ማርሲያኖ ግን በነሐሴ 1969 በአውሮፕላን አደጋ ሞቶ ስለነበር "ድሉን" አላየውም። እንግዲህ ኮምፒዩተር አስቀድሞ የተቀረጹ ፍጻሜዎች ተዘርግተውለት ከሚሰጠው ፍርድና በቡና ላይ ከምንሰጠው ፍርድ የቱ ይሻላል? ሁለቱም ያው ናቸው።

የሰውነት ክብደትም ነገሩን ያወሳስበዋል። ማርሲያኖ ሻምፒዮን ሳለ ክብደቱ 84 እና 85 ኪሎ ገደማ ነበር። ጆ ሉዊስ በጥሩ ጊዜው 90 ኪሎ ገደማ፣ አሊ ፎርማንን ሲገጥም 98 ኪሎ ያህል ነበሩ። ሌኖክስ ሉዊስ ደግሞ ከ110 ኪሎ በላይ ነበር። "የዛሬዎቹ ግዙፎች የጥንቶቹን ይጨፈልቋቸው ነበር" የሚሉ ሰዎች መነሻቸው ይህ ነው። ሆኖም ግዝፈት ብቻውን እንደማይበቃ በግንቦት 2024 ሪያድ ላይ አይተናል። 101 ኪሎ ገደማ የሚመዝነው ዩክሬናዊው ኦሌክሳንደር ኡሲክ 119 ኪሎ ገደማ የነበረውን ታይሰን ፊዩሪን በነጥብ አሸንፎ አራቱንም ቀበቶዎች ጠቅልሏል። በታኅሣሥም ደግሞታል። ስለዚህ ይህንን የመጀመሪያ ጥያቄ ለጨዋታነቱ እንተወው።

ሁለተኛው ጥያቄ፤ ቁጥር ማንን ገጥሞ እንደተገኘ ካልተነገረ ባዶ ነው

"49 ለ 0" የሚለው የማርሲያኖ ቁጥር የሚያስከብር ነው፤ አልክድም። ከ49ኙ 43ቱን በዝረራ ነው የጨረሰው። ነገር ግን የስም ዝርዝሩን እንመልከት። በጥቅምት 1951 በዝረራ የጣለው ጆ ሉዊስ የ37 ዓመት ሰው፣ የግብር ዕዳ ለመክፈል ወደ መድረክ የተመለሰ ሻምፒዮን ነበር። በ1952 ማዕረጉን የነጠቀው ጀርሲ ጆ ዋልኮት 38 ዓመቱ ነበር፤ ያውም እስከ 13ኛው ዙር ድረስ በነጥብ ይመራ ነበር። በ1955 የመጨረሻ ተጋጣሚው የነበረው አርቺ ሙር ከ38 ዓመት አያንስም ነበር። ማዕረጉን የተከላከለው ስድስት ጊዜ ብቻ ነው። ማርሲያኖ ብርቱ ነበር፤ ከፊቱ ያገኘውን ሁሉ አሸንፏል፤ ከዚህ በላይም ሊጠየቅ አይችልም። ግን "አልተሸነፈም" ማለት "ከሁሉ በላጭ ነው" ማለት አይደለም።

ታይሰንም እንዲሁ። በኅዳር 1986 በ20 ዓመቱ ትሬቨር በርቢክን ጥሎ በከባድ ሚዛን ታሪክ በዕድሜ ትንሹ ሻምፒዮን ሆነ። በሰኔ 1988 ማይክል ስፒንክስን በ91 ሴኮንድ ጨረሰው። እነዚያን ዓመታት ያየ ሰው ፍርሃቱን አይረሳም። ይሁን እንጂ በየካቲት 1990 ቶኪዮ ላይ ማንም ከቁም ነገር ባልቆጠረው በበስተር ዳግላስ ሲዘረር፣ የተመታውን ያህል መልሶ የሚማታ ሰው ሲገጥመው ምን እንደሚሆን ታየ። ከዚያ በኋላ ሆሊፊልድንም ሆነ ሌኖክስ ሉዊስን ማሸነፍ አልቻለም። ሦስት ዓመት ያህል የነደደ እሳት ነበር፤ እሳትነቱ ሐሰት አይደለም፤ ግን ሦስት ዓመት ነው።

በተጋጣሚ ጥራት ከሄድን ክርክሩ በሁለት ሰዎች መካከል ይቀራል። ሙሐመድ አሊና ጆ ሉዊስ።

አሊ ያሸነፋቸውን ሰዎች እንቁጠር። ሶኒ ሊስተን፣ ፍሎይድ ፓተርሰን፣ ጆ ፍሬዘር፣ ኬን ኖርተን፣ ጆርጅ ፎርማን። በጥቅምት 1974 ኪንሻሳ ሲገባ ፎርማን 40 ጊዜ ተጋጥሞ 40 ጊዜ ያሸነፈ፣ 37ቱን በዝረራ የጨረሰ ነበር። አሊን ሁለት ጊዜ አስቸግረውት የነበሩትን ፍሬዘርንና ኖርተንን እያንዳንዳቸውን በሁለት ሁለት ዙር ነበር ያባረራቸው። ያንን ሰው የ32 ዓመቱ አሊ ገመድ ላይ ተደግፎ፣ ቡጢውን በክንዱና በጎኑ እየተቀበለ፣ አድክሞ በስምንተኛው ዙር ዘረረው። ከዚያ በፊት ደግሞ ከ25 ዓመቱ እስከ 28 ዓመቱ፣ ማለትም ቦክሰኛ ጉልበቱና ፍጥነቱ በሚገናኙበት ዕድሜ፣ ሦስት ዓመት ተኩል ከመድረክ ታግዶ ነበር። በኅዳር 1966 ሂዩስተን ላይ ክሊቭላንድ ዊልያምስን የገጠመበትን ፊልም ያየ ሰው ምን እንደተነጠቅን ይገባዋል።

ጉድለት አልነበረበትም? ነበረበት እንጂ! እጁን ዝቅ አድርጎ ስለሚይዝ ለግራ ሁክ የተጋለጠ ነበር። በ1963 ሄንሪ ኩፐር፣ በመጋቢት 1971 ደግሞ ፍሬዘር በዚያው ቡጢ መሬት አስልሰውታል። በ1976 ከጂሚ ያንግና ከኖርተን ጋር ባደረጋቸው ግጥሚያዎች ዳኞች ድሉን ሲሰጡት ብዙ ተመልካች አልተስማማም። በጥቅምት 1980 ላሪ ሆምስን የገጠመው አሊ ደግሞ አሊ አልነበረም፤ ያንን ግጥሚያ የፈቀዱ ሰዎች በታሪክ ሊጠየቁ ይገባል።

አሁን ወደ ሉዊስ። ከሰኔ 1937 እስከ መጋቢት 1949፣ ለ11 ዓመት ከ8 ወር ሻምፒዮን ነበር። ማዕረጉን 25 ጊዜ ተከላክሏል። ይህ ቁጥር በከባድ ሚዛን ዛሬም አልተሰበረም። "ተጋጣሚዎቹ ተራ ሰዎች ነበሩ" እየተባለ ይታማል፤ በ1940 እና በ1941 በየወሩ ማለት ይቻላል ሲጋጠም ጋዜጠኞች በተጋጣሚዎቹ ላይ ያላግጡ ነበር። ግን ሌሎች ሻምፒዮኖች በዓመት አንዴ ወይም ሁለቴ በሚጋጠሙበት ሥራ በየወሩ ራስን ለአደጋ ማቅረብ ነውር የሆነው ከመቼ ወዲህ ነው? ደግሞስ ካርኔራ፣ ማክስ ቤር፣ ሻርኪ፣ ሽሜሊንግ፣ ብራዶክ፣ ዋልኮት፤ እነዚህ ስድስቱ ሁሉ በአንድ ወቅት የከባድ ሚዛን ሻምፒዮን የነበሩ ወይም በኋላ የሆኑ ናቸው። ሉዊስ ሁሉንም በዝረራ አሸንፏል። በሰኔ 1941 ቢሊ ኮን በነጥብ ቀድሞት ሳለ በ13ኛው ዙር አንድ ስሕተት ሲሠራ ጠብቆ የጣለበት መንገድ የቡጢ ትምህርት ቤት ነው። ቡጢው አጭር ነው፣ ቀጥ ያለ ነው፣ አንዱ ቡጢ ለሚቀጥለው ቦታ ያዘጋጃል። አሊን ማንም መኮረጅ አይችልም፤ ሉዊስን ግን አሠልጣኞች እስከ ዛሬ ያስተምሩበታል።

ሦስተኛው ጥያቄ፤ እዚህ ላይ ነው ጸቤ

የአሊ ደጋፊዎች ወዲያው የሚመዙት ካርድ "አሊ ተናገረ፣ ሉዊስ ዝም አለ" የሚል ነው። አሊ በሚያዝያ 1967 ሂዩስተን ላይ ለውትድርና ስሙ ሲጠራ እምቢ አለ፤ ማዕረጉን ተነጠቀ፤ አምስት ዓመት እስራትና 10 ሺህ ዶላር ተፈረደበት፤ በሰኔ 1971 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 8 ለ 0 በሆነ ድምፅ ነፃ አወጣው። ይህ ታላቅ ሥራ ነው። ማንም አያንኳስሰውም። ሉዊስ ግን "የነጮቹ ጥቁር" ተባለ፤ ይህንን ስድብ አሊ ራሱ በወጣትነቱ ሰንዝሮበታል።

ሉዊስ ለምን ዝም አለ? ለመመለስ ወደ ጃክ ጆንሰን መመለስ ያስፈልጋል። ጆንሰን በታኅሣሥ 1908 ሲድኒ ላይ ቶሚ በርንስን አሸንፎ የመጀመሪያው ጥቁር የከባድ ሚዛን ሻምፒዮን ሆነ። በሐምሌ 4 ቀን 1910 ሪኖ ላይ "የነጭ ተስፋ" የተባለውን ጄፍሪስን ሲያሸንፍ በአሜሪካ ከተሞች ሁከት ተነስቶ ሰዎች ሞቱ፤ የሞቱት አብዛኞቹ ጥቁሮች ነበሩ። ጆንሰን እንዳሻው ለበሰ፣ እንዳሻው ተናገረ፣ ነጭ ሴቶችን አገባ። በ1913 በዚሁ ሰበብ በሕግ ስም ተፈረደበት፤ አገር ጥሎ ተሰደደ። ይቅርታ የተደረገለት በ2018፣ ከሞተ ከ72 ዓመት በኋላ ነው። በ1915 ሃቫና ላይ ማዕረጉን ካጣ በኋላ ለ22 ዓመት ማንም ጥቁር ለከባድ ሚዛን ሻምፒዮና እንዲጋጠም አልተፈቀደለትም።

በሩ የተዘጋባቸው ሰዎች ስም አላቸው። ሃሪ ዊልስ ጃክ ዴምፕሲን ለመግጠም ዓመታት ጠበቀ፤ ውል እስከ መፈራረም ተደርሶም ግጥሚያው አልተደረገም። ሳም ላንግፎርድ ቁመቱ 1 ሜትር ከ70 ገደማ ብቻ ሆኖ ግዙፎችን እየዘረረ አንድም ጊዜ የከባድ ሚዛን የዓለም ሻምፒዮና ዕድል አላገኘም፤ ዓይኑ ጠፍቶ በድህነት ሃርለም ውስጥ ተገኘ። ጆንሰን ራሱ ሻምፒዮን ከሆነ በኋላ ላንግፎርድን ሸሽቶታል። ስለዚህ ዴምፕሲን ከታላላቆቹ ተርታ ስንጽፍ እነዚህን ስሞች ካላስታወስን፣ የምናወጣው ዝርዝር የቡጢ ችሎታ ዝርዝር ሳይሆን የተፈቀደላቸው ሰዎች ዝርዝር ነው።

እንግዲህ ሉዊስ ወደ መድረክ ሲመጣ በሩን የዘጉት ሰዎች የጆንሰንን ስም ይዘው ይጠብቁት ነበር። ጥቁር የነበሩት ሥራ አስኪያጆቹ፣ ጆን ሮክስቦሮና ጁልያን ብላክ፣ ሕግ አወጡለት። ከነጭ ሴት ጋር ፎቶግራፍ አትነሳም። የወደቀ ነጭ ተጋጣሚ ላይ አትስቅም። ዝምታው በፍርሃት ወይም በአድርባይነት የመጣ ሳይሆን ለ22 ዓመት ተቆልፎ የኖረ በር የሚከፈትበት ብቸኛ ቁልፍ ነበር። አባቶቻችን "ዝም አይነቅዝም" የሚሉት እንዲህ ላለው ነው። አሊ በ1964 እንዳሻው ሲጮህ በሩ ተከፍቶ ቆይቶት ነበር።

ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ደግሞ ሉዊስን መርሳት ተጨማሪ ውለታ ቢስነት አለበት። ሰኔ 25 ቀን 1935 ኒውዮርክ፣ ያንኪ ስታዲየም፣ 60 ሺህ ያህል ሰው ተሰብስቧል። የ21 ዓመቱ ሉዊስ የሚገጥመው ጣሊያናዊውን ፕሪሞ ካርኔራን ነው። ካርኔራ 118 ኪሎ ገደማ፣ ሉዊስ 89 ኪሎ ገደማ። የወልወል ግጭት ካለፈ ሰባት ወር ገደማ ሆኖታል፤ ሙሶሊኒ ጦሩን ወደ ምሥራቅ አፍሪካ እያጓጓዘ ነው። ካርኔራ የፋሽስቱ መንግሥት እንደ ጉልበቱ ምልክት ያሳየው የነበረ ሰው ነው። የጥቁር አሜሪካውያን ጋዜጦችና የሃርለም ነዋሪዎች ያንን ምሽት ያዩት እንደ ኢትዮጵያና ጣሊያን ግጥሚያ ነበር። በስድስተኛው ዙር ካርኔራ ሦስት ጊዜ ወደቀና ዳኛው አስቆመው። ሃርለም አደባባይ ወጥቶ ጨፈረ። ከሦስት ወር በኋላ፣ በጥቅምት 3 ቀን፣ ጦሩ መረብን ተሻገረ። ቡጢ ወረራን አያስቆምም። ነገር ግን መንግሥታት ፊታቸውን ባዞሩብን በዚያ ዓመት ለእኛ የጨፈረ ሕዝብ ነበር፤ ያስጨፈረውም ይኸው "ዝምተኛ" ነው። አሊን በተመለከተ የምንጋራው ደስታ ሌላ ነው። በ1960 ሮም ላይ ወጣቱ ካሲየስ ክሌይ ወርቁን ባገኘ በአምስተኛው ቀን አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ሮጦ ወርቁን ወሰደ።

በ1938ቱ የሽሜሊንግ ግጥሚያም ምልክትና ሰው እንደማይገጥሙ ታይቷል። ሉዊስ በ1936 ያሸነፈውን ጀርመናዊ በሁለት ደቂቃ ከአራት ሴኮንድ ሲዘርረው ዓለም ናዚዝም የወደቀ ያህል ቆጠረው። ሽሜሊንግ ግን የናዚ ፓርቲ አባል አልነበረም፤ በዚያው ዓመት ኅዳር ሁለት አይሁዳውያን ልጆችን ደብቆ አትርፏል። በኋላም ከሉዊስ ጋር ወዳጅ ሆኖ ኖሯል። ሉዊስስ? በ1942 ሁለት ግጥሚያ አድርጎ ገንዘቡን ለባሕር ኃይልና ለምድር ጦር መረዳጃ ሰጠ፤ ራሱም በጦሩ ተመዘገበ። ጃኪ ሮቢንሰንና ጓደኞቹ ከመኮንንነት ሥልጠና ሲከለከሉ ድምፁን ሳያሰማ በሩን ያስከፈተላቸው እሱ ነው። ከጦርነቱ በኋላ መንግሥት በግብር ዕዳ እስከ እርጅናው አሳደደው፤ ከዕዳው የተነሳ የነፃ ትግል ትርዒት እስከመሥራት ደረሰ። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል።

በአንጻሩ ከአሊ ንግግር ሁሉ ነፃ አውጪ አልነበረም። ፍሬዘር በደቡብ ካሮላይና በእርሻ ሥራ ላይ ያደገ የድሃ ልጅ ነው፤ አሊ በታገደበት ወቅት ፈቃዱ እንዲመለስለት ደግፎታል። አሊ ግን "የነጮች አሽከር" አለው፤ ከማኒላው ግጥሚያ በፊት ደግሞ "ጎሪላ" እያለ የጎማ አሻንጉሊት ይዞ ተሳለቀበት። አንድ ጥቁር ሌላውን ጥቁር በዚህ ቃል ሲጠራ የሳቀው ማን እንደነበር መገመት አያቅትም። አሊ በ2001 ይቅርታ ጠይቋል፤ ግን ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። እንዲሁም ኪንሻሳ የሞቡቱ፣ ማኒላ የማርቆስ መድረክ ነበሩ። ሞቡቱ ለሁለቱ ቦክሰኞች አምስት አምስት ሚሊዮን ዶላር ሲከፍል ከማን ኪስ ነበር? ከአምባገነን ሸሽተን በሰው አገር የምንኖር ሰዎች ይህንን ሳናነሳ ኪንሻሳን እንደ ተረት ብቻ መተረካችን ያስገርመኛል።

ፍርዴ

እንግዲህ ልፍረድ። በመድረክ ሥራ ሚዛን አሊን አንደኛ አደርገዋለሁ፤ የማደርገው ግን ቬትናምን ስለተቃወመ ሳይሆን ሊስተንን፣ ፍሬዘርንና ፎርማንን ስላሸነፈ፣ ያውም ምርጥ ዓመታቱን ተነጥቆ ስላሸነፈ ነው። ሉዊስ ሁለተኛ ነው፤ ልዩነቱ ቀጭን ነው፤ በዕድሜ ርዝመትና በጥራት የሚመዝን ሰው ቢገለብጠው አልጣላውም። ሦስተኛ ጃክ ጆንሰንን ወይም ላሪ ሆምስን ብትሉ እሰማለሁ። ሌኖክስ ሉዊስ ያሸነፉትን ሁለት ሰዎች መልሶ ያሸነፈ፣ ከዚያም በጊዜው ያቆመ ብልህ ነው፤ ከአምስቱ አላወጣውም።

የማልቀበለው አንዱን ከፍ ለማድረግ ሌላውን "ባንዳ" ማለትን ነው። ይህ በሽታ የቦክስ ብቻ አይደለም። በእኛም ስብሰባዎች የሚጮኸው አርበኛ፣ ዝም ብሎ የሚሠራው አድርባይ ተብሎ ሲፈረድ አይቻለሁ። ሰው በምን ዘመን፣ በየትኛው በር ፊት፣ ምን ምርጫ ይዞ እንደቆመ ሳይጠየቅ የሚሰጥ ፍርድ ፍርድ አይባልም። በአሊ ጩኸት የምንኮራውን ያህል በሉዊስ ዝምታ ውስጥ የነበረውን ሥራ ብናውቅ አሊ ቅንጣት አይጎድልበትም።

በዚህ ፍርድ የማትስማሙ ጻፉ። አሊን በሉዊስ፣ ሉዊስን በማርሲያኖ ተኩልኝ። ብቻ የምትሉት ስለ ቡጢው ይሁን ስለ ታሪኩ አስቀድማችሁ ንገሩኝ።

ቸር ይግጠመን።